ልብስ ማስጫው ላይ የተሰቀሉት ዓሣዎች

ጅጅጋ ሐይቅ የላትም። እኔ ግን ለመምህርነት ስመጣ፣ አባቴ ዝዋይ ላይ ዓሣ ያጠምድባቸው የነበሩትን የእንጨት ዓሣዎች ይዤ መጣሁ። ሆዳቸው ሥር መንጠቆ አላቸው፤ እውነተኛው ዓሣ ምግብ መስሎት ሲውጣቸው ይያዛል። አንድ ቅዳሜ የመንጠቆዎቻቸውን ዝገት በሎሚና በአመድ ፈትጌ፣ የጠፋ ዓይናቸውን በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ኳልኩና እንዲደርቁ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ከዚያ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብዬ አልፌ እጄን ልታጠብ ገባሁ።

ስመለስ ከዓሣዎቹ መሀል ቀዩ የለም። እዚያው ሥር የጎረቤታችን ፍየል ቆማ የሆነ ነገር ታላምጣለች። ክው አልኩ!

የፍየሏ ባለቤት፣ «ኤዶ» እያልን የምናከብራቸው ሶማሌ እናት፣ ጩኸቴን ሰምተው መጡና ቀንዷን ያዙልኝ። አፏን ፈልቅቄ ብፈልግ ያገኘሁት የካርቶን ቁራጭ ነው።

«ውጣዋለች፣ አለቀላት!» አልኩ።

ኤዶ ግን ቀንዱን ለቀው መሳቅ ጀመሩ። «እስቲ ዙር» አሉኝ። ቀዩ ዓሣ ሹራቤ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ተመስገን!

ኤዶ መንጠቆውን ቀስ ብለው እየነቀሉልኝ፣ «እኛ ዓሣ አንበላም» አሉ። «እሱም ነክቶን አያውቅም።»