የአስያ ጠገራ

አሰላ ገበያ አጠገብ የብር ሥራ ሱቅ የነበረው አበጋዝ ጠገራ ብር በዓይኑ አይፈትንም ነበር። ሌላው አንጥረኛ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ዘውድ ሲመረምር፣ ደረቷ ላይ ያለውን ፈርጥ ሲቆጥር ይስቅበታል። መልክማ አስመሳዩም ያወጣዋል፣ ድምፅ ግን አይዋሽም ባይ ነው። ብሩን ከጥቁር ድንጋዩ ላይ ይጥላል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ይፈርዳል። ከሲሬ እስከ ጎበሳ አበጋዝ ካለ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ታዲያ ከልጅነቱ ጀምሮ መዶሻ ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ ምን ይተርፈዋል? ይህን እሱም አላሰበው፣ ሌላውም አላሰበለትም።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት የከዲሮ እናት የልጇን ሚስት አስያን እየጎተተች መጣች። ለሠርጉ ከገዛ አንገቷ አውልቃ ያሰረችላት ጠገራ ጠቁሮ ነበር። ደህናውን ለወንድሞቿ ሰጥታ እርሳስ ተክታበታለች አለች አሮጊቷ። አስያ፣ ቅቤና የምድጃ ጢስ ነው ያጠቆረው ብላ ብትምል ብትለምን ማን ይስማት። አበጋዝ ጣለው። ድምፁ ለሴቶቹም ተሰምቷቸዋል፤ ግን የደህናው ጩኸት የቱ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? አፉን ነው የሚጠብቁት። እሱ የሰማው ድፍን ያለ ነገር ነው።

«እርሳስ ነው» አለ።

አስያ ሌባ ተብላ ተፈታች። ጡት ያስጣለችውን ልጇን ለአባቱ ትታ ጎበሳ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ልጁ በዚያው ዓመት በኩፍኝ ሲሞት፣ ሌባ ቤታችን አትገባም ብለው ከለቅሶው ደጅ መለሷት። ወይ ጭካኔ!

በዓመቱ ጎረቤቱ ዲሪባ ሱቁ ተቀምጦ ሲጫወት፣ አበጋዝ ከአባቱ የወረሰውን፣ ደህናነቱን የሚያውቀውን ጠገራ እንዲያው ለወጉ ጣለው። ድፍን አለበት። ደግሞ ጣለው። ያው ነው። ይሄም እርሳስ ሆነ እንዴ ብሎ ሲያጉረመርም ዲሪባ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ጥርት አድርጎ ይጮኻል እኮ፤ ጆሮዬን ሊሰነጥቀው ነው።»

አበጋዝ ጆሮው እንደከዳው ያን ጊዜ ገባው። ስንቱን ደህና ጠገራ እርሳስ እንዳሰኘ ፈጣሪ ይወቀው፤ እሱ ግን የታየው የአስያ ፊት ብቻ ነበር። ዲሪባን አስከትሎ ወደ ከዲሮ ቤት ሄደ፤ ጠገራውን አስወጥቶ ዲሪባን አስጣለው። እንደ አባቱ ጠገራ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ዲሪባ ነው የነገረው። አሮጊቷ አንገቷን ደፋች። ከዲሮ እንደሆነ ሌላ አግብቷል።

በማግስቱ አበጋዝ በጭነት መኪና ጎበሳ ሄደ። አስያን ገበያ መሃል ሽንኩርት ስትሸጥ አገኛት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ግን ምን ያድርግ? ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ።

«ልጄ፣ ጠገራሽ ንጹሕ ብር ነበር። የደነቆርኩት እኔ ነኝ።»

አስያ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል በለሆሳስ አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቃሉ አልደረሰውም። ገበያተኛው ጸጥ ብሎ ሁለቱን ያያል። ምን አልሽኝ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ያንን ቃል ከአፏ ሁለተኛ ማስወጣት ግፍ መሰለውና ተወው። ይቅር ብላው ይሁን ረግማው ሳያውቅ አሰላ ተመለሰ፤ ሳያውቅም ሞተ።