የሆምካሚንግ አበባ

ልጄ ለትምህርት ቤቷ ዓመታዊ የሆምካሚንግ ዳንስ አንጓዋ ላይ የምታስረውን ነጭ አበባ ከፍሪጅ አውጥታ "ማሚ፣ እሰሪልኝ" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀዝቃዛው የአበባ ሽታ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ አንስቶ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ፣ ያሳደጉኝ የአክስቴ የእትዬ አልማዝ አፓርትመንት ውስጥ ጣለኝ።

የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። አባቴ ደሴ ነበር የሚኖረው። የእኔ ሆምካሚንግ በሆነበት ቅዳሜ እትዬ አልማዝ የቀሚሴን ዚፕ ዘግተውልኝ ፈጥነው ወደ ማድቤት ገቡ። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ በታክሲያቸው ሊያደርሱኝ መጡ። ጨዋታ የሚወዱት ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ከፍተው ነዱ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግን፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ "ልጄ፣ ዛሬ እንደ ልብሽ ጨፍሪ" አሉኝ።

ጨፈርኩ። ጫማዬን አውልቄ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተፈራ ከፊት፣ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ገቡ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። አባቴ ከሞተ ሰንብቷል፤ መርዶውን ያቆዩት እኔ እስክጨፍር ነው።

"ልቅሶው ይደርሳል፤ የትናንቱ ቀን ግን አይመለስም ብለን ነው" አሉኝ ጋሽ ተፈራ። ልቀየማቸው ወይ ላመስግናቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የአበባውን ሪባን አሰርኩላት።

"ማሚ፣ እማማ አልማዝ ፒክቸር ልታነሳን አልመጣችም?" አለችኝ ልጄ።

እትዬ አልማዝ ዛሬ ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል።

"ደክሟቸው ነው" አልኳት። "አንቺ ዛሬ እንደ ልብሽ ጨፍሪ።"