ፓስተሩ ያላሉት

ይህን ለባሌ አልነገርኩም፤ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶችም ትንፍሽ አላልኩም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ለዛሬ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ አንባቢዬ። አይቆጡኝ አልልም። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ ብቻ።

ያኔ እዚሁ ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ታቦር ሰፈር ተወልጄ ስላደግሁ የሲዳማው ቋንቋ ሲዳሙ አፎም አማርኛውም አፌ ላይ እኩል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። «ይቺ ልጅ፣ አፏ ይባረክ!» ሲሉኝ ልቤ ያብጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ዶርም ውስጥ ጥቂት ልጆች ሆነን የምርጫን ነገር አጥብቀን ያዝን፤ እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር መርጧል፣ ያልተመረጠ አይድንም የሚለውን። «ጸጋው ለሁሉ ነው፤ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ሰው ነው» የሚል ከተገኘ በጥቅስ እናፋጥጠዋለን። ኦርቶዶክስ የሆነችው የዶርም ጓደኛዬ «እኛ እኮ ለሞተም ሰው ምሕረት እንለምናለን» ብትለኝ ሳቅሁባት። ምን አውቄ? ሰው ሞቶብኝ አያውቅም ነበር።

የጎረቤታችን የእማማ ገለቴ አንድ ልጅ፣ ታምራት፣ የሞተው ያን ሰሞን ነው። ባጃጅ ነጂ ነበር። ጸሎቱን ትቶ መጠጥ ይዞ ነበር፤ ሰክሮ ሲነዳ ተገለበጠና ሞተ። ለጉባኤ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ፓስተር ሊያጽናኑ ሲሄዱ ላስተረጉም ተከትያቸው ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሞልቶ ነበር። አማርኛ የማይሰሙት እማማ ገለቴ ግን ጓዳ ነበሩ፤ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

አላለቀሱም። የፓስተሩን እጅጌ ያዙና በሲዳሙ አፎ ጠየቁ፦ «ልጄ ንስሐ ሳይገባ ሞተ። አገኘዋለሁ ወይ?»

ይህን በትክክል ተረጎምኩ። ፓስተሩ ወደ እሳቸው ጎንበስ አሉ።

«እናቴ፣ በመጨረሻዋ ትንፋሽ ልጅዎ ምን ብሎ እንደጮኸ የሰማ ጌታ ብቻ ነው። ጸጋው ከእኛ ግምት ይሰፋል። ተስፋ አይቁረጡ።»

ተናደድኩ። አዎ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ተናደድኩ! ሰውየው እያባበሏቸው ነው፣ እውነቱን የምናገር እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። እማማ ገለቴ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ማቆም እችል ነበር፤ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

«የተመረጠ ቢሆን ኖሮ ሳይመለስ አይሞትም ነበር። አያገኙትም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። እጅጌውን ለቀቁ። ያኔ እንባቸው መጣ። ፓስተሩ እንባውን አይተው መጽናናት የመጣ መሰላቸው፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ተባረኪ ልጄ፣ ልባቸውን አገኘሽው» አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ገለቴ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም። ሽማግሌዎች ሄደው ቢለምኗቸው «ልጄ የማይገባበት ቤት እኔ ምን ልሠራ?» አሏቸው አሉ። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ነው፣ ያልፋል ይል ነበር። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አውቄም ዝም አልኩ። መጀመሪያ ልክ ነኝ ብዬ፣ በኋላ ፈርቼ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

ዓመታት አልፈው እኔም ወለድኩ። ሕፃኗን ታቅፌ «ይህቺስ ተመርጣ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያን ሳምንት ልናዘዝላቸው ቆርጬ ሄድኩ። እማማ ገለቴ ታመው ተኝተዋል። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝ።

«ሌላው ሁሉ ሊያባብለኝ ይዋሻል» አሉኝ። «አንቺና ያ ፓስተር ግን አልዋሻችሁኝም። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

ፓስተሩ እንዲያ አላሉም። ይህችን ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምላሴ ላይ ነበረች። ምርቃታቸውን ተቀብዬ «እግዜር ይማርዎት» አልኩና ወጣሁ። ተመልሼ ሳልሄድ ሞቱ።

አሁን የምርጫን ነገር የሚከራከሩ ሰዎች ሳይ ከመካከላቸው ተነሥቼ እወጣለሁ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ ግን ያ የድሮው ትምህርቴ ራሱ ሊያጽናናኝ ይመጣል፦ ሁሉ አስቀድሞ ከተወሰነ ይህም ተወስኖ ነበር፣ አንቺ ምን ታደርጊ ይለኛል። ሐሳቡ ይጥመኛል፤ ስለሚጥመኝም እፈራዋለሁ። አይሆንም። ንዴቱ የእኔ ነበር፤ አፉም የእኔ ነበር፤ በኋላ የመጣው ዝምታም የእኔው ነው። ይቅር ይበሉኝ የምላቸው ሴት ደግሞ የሉም። እርስዎን ይቅር ይበሉኝ ብል እርስዎን ምን በድዬ?

እማማ ገለቴ ልጃቸውን አገኙት ወይ? አላውቅም። ያን ቀንም አላውቅም ነበር።