ኪቶ ላይ እምቢ ያልነው ምሳ

ባለፈው ሰሞን ነው... ኪቶ፣ ኢኳዶር። ከቀትር በኋላ ድንገት የወረደ ዝናብ እኔንና ባለቤቴን ሰናይትን አንድ የማናውቀው ቤት ታዛ ሥር አስጠግቶናል።

እኛ የሲያትል ሰዎች ነን፣ ዝናብ አያስፈራንም ብለን ጃኬት እንኳ አልያዝንም ነበር። የሲያትል ዝናብ ግን ቀኑን ሙሉ ያካፋል እንጂ እንደዚህ አይወርድም። የኪቶው በባልዲ ነው!

እዚያ ምን ወሰዳችሁ ትሉ ይሆናል። እኔ የምሠራው ማታ ነው፣ እሷ ቀን። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሾርላይን አንድ ቤት እየኖርን የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ። አንዴ እንኳ ባልና ሚስት ሆነን እንዋል ብለን ትኬት ቆረጥን። ዋልንም! ዳገቱ ትንፋሽ እያሳጠረን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ገበያ ውስጥ ስሙን የማናውቀውን ፍራፍሬ እየቀመስን... እንደ አዲስ ሙሽሮች ሆነን ነበር። ስፓኒሻችን ግን ሰላም ለማለት ከ«ኦላ»፣ አይ አመሰግናለሁ ለማለት ከ«ኖ ግራሲያስ» አያልፍም። ጉድ የሠራንም እሱ ነው።

ታዛው ሥር እንደቆምን በሩ ተከፈተ። ጥቁር ሹራብ የለበሱ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ከኋላቸው ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደረደረ ሳህን፣ የሾርባ ሽታ... ሆዴ ጮኸ። ፈገግ ብለው አንድ ነገር አሉና በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቱን። ግቡ ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኖ ግራሲያስ» አልኩ። ሰናይትም ጎንበስ ብላ «ኖ ግራሲያስ»። ወግ ነዋ! ገና ሲጠሩት ዘሎ ሰው ቤት የሚገባ ማን ነው?

ደገሙ፤ አሁን ጠረጴዛውን አሳዩን። እኛም ደገምን። እኔ በልቤ «ቀጥሎ እጃችንን ይዘው ይጎትቱናል፣ ያኔ እንገባለን» እያልኩ ነው። በእኛ ደንብ ገና መግደርደሩን መጀመራችን ነው፤ «በሞቴ» እንኳ አልተባለም።

እሳቸው ግን አንዴ አዩን፣ ራሳቸውን ነቀነቁ... በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።

«እንዴ! ዘጉት?» አለች ሰናይት።

«ዘጉት።»

«ርቦህ ነበር?»

«በጣም! አንቺስ?»

«እኔማ ልሞት ነው! ታዲያ ለምን እምቢ አልክ?»

«አንቺስ ለምን አልሽ?»

«አንተ ስላልክ ነዋ!»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሲያትል ስንመለስ የምናወራው ቀልድ አገኘን ብዬ ደስ አለኝ።

ከጎን ካለች ትንሽ ሱቅ ገብተን ብስኩት ጠየቅን። ባለሱቁ አሜሪካ የኖረ ሰው ነው፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል። የሆነውን እየሳቅሁ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

«ዛሬ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ነው» አለ። «ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ዘመዶቻቸው ከገጠር ሊመጡ ነበር፣ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ያ ሁሉ ምግብ ተሠርቶ የሚበላው ሰው ጠፋ፤ ለዚያ ነው የሚያልፈውን ሁሉ የሚጠሩት።»

ሰናይት ብስኩቱን መልሳ አስቀመጠችው። «የሰው ሙት ዓመት ነው እምቢ ያልነው?» አለችኝ። «ና እንመለስ! አሁኑኑ!»

ባለሱቁን አስተርጉምልን ማለት ነበረብን። ግን ከድንጋጤያችን የተነሳ ዘለን ወጣን። አንኳኳን፣ ተከፈተልን። እኔ ወደ ውስጥ እያመለከትኩ፣ አዎ ለማለት «ሲ! ሲ!» አልኩ። እናትየዋ ከራስ ፀጉራችን የሚንጠባጠበውን ውሃ አዩ። የገባቸው ነገር እንዳለ ሁሉ «አ!» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ኦኬ፣ ገባቸው» አልኳት ለሰናይት።

ትልቅ ጥቁር የወንድ ጃንጥላ ይዘው ተመለሱ። ሰናይት እጅ ላይ አስያዟት፣ ጉንጯን ዳሰስ አደረጓትና በሩን ዘጉት።

ዳግመኛ ማንኳኳት አቃተን። ይሉኝታ እዚያም ድረስ ተከትሎን ሄዷል።

በማግስቱ ጃንጥላውን ይዘን፣ ባለሱቁን አስተርጓሚ አድርገን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቤቱ ተቆልፏል፤ ዘመድ ጋ ሄደዋል። እኛ ደግሞ የዚያን ዕለት በረራ አለን።

«ሶ፣ ለአንተ እንተወው?» አልኩት ባለሱቁን።

«ለምን?» አለኝ። «እሱንም እምቢ ልትሏቸው ነው?»

ይዘነው መጣን። ከኤርፖርት እስከ ሾርላይን ላይት ሬይል ባቡር ውስጥ መሐላችን ተቀምጦ መጣ።

ትናንት እሁድ ሲያትል ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰናይት ወደ አባ ጠጋ ብላ «አባ፣ ለአንድ ሟች ነፍስ ጸሎት እንዲያደርሱልኝ ነበር» አለቻቸው።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው ልጄ?»

ወደ እኔ ዞረች። ስማቸውን ጠይቀን ብናውቅ ምን ነበረበት? የባልየውን ቀርቶ የእናትየዋን እንኳ አናውቅም።

«አናውቀውም አባ» አለች።

«ዘመድሽ ናቸው?»

«አይደሉም... ምሳ ተጠርተን ነበር።»

አባም «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አሏት። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ምግብ በቀረበ ቁጥር ያ ረጅም ጠረጴዛ ይታየኛል... ያን ሁሉ ምግብ ማን በልቶት ይሆን እያልኩ እበሳጫለሁ።

ለካ እምቢ ስትሉት የሚያምናችሁም ሰው አለ።