በእኔ የተለወጠ ቫዮሊን

ያሰሩኝ በመድኃኒት መርጫ ማንገቻ ምክንያት ነው። ሌላ ጥፋት አልነበረኝም። ሲሪንቃ አካባቢ እየዞርኩ በሰው ማሽላና ሽንኩርት ላይ የተባይ መድኃኒት የምረጭ ሰው ነኝ። መርጫው ሲሞላ ይከብዳል፤ ማንገቻው ሁለቱንም ትከሻዬን አጥቁሮታል። ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ መርሳ በወረደበት ክረምት፣ ኬላ ላይ የቆሙ ታጣቂዎች ሸሚዜን አስወለቁኝና ተዋጊ ነህ አሉኝ።

«ጠመንጃ በሁለት ትከሻ ይያዛል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንዱ የጠመንጃው፣ አንዱ የጥይቱ» አለ ፈታሹ። ጓደኞቹ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው። ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ላብ ያገኘው እንደሆነ ቆዳ ይልጣል። ጥጉ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። መለሱልኝና የጆንያውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

እሳቸውም የተያዙት በምልክት ነው። ከግራ መንጋጋቸው ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሮ ሻክሯል። የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ እንደ ቀንድ ደርቋል።

«የሰደፍ ነው አሉኝ» አሉ። «ሰደፍማ በቀኝ ነው የሚደገፈው አልኳቸው።»

«እና ምን አሉዎት?»

«ግራኝ ነሃ! አሉኝ።»

የቫዮሊን ምልክት ነበር። ማሲንቆ አውቃለሁ፤ ቫዮሊን ግን ከቴሌቪዥን ውጪ አይቼ አላውቅም። አገጭና ትከሻ መሀል ተወትፎ እንደሚመታ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የመርሳ ልጅ ናቸው። አባታቸው አውቶቡስ ተራ ደላላ ነበሩ፣ ልጃቸው ሾፌር እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ልጁ ግን አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። አስተማሪው ዜማ ከልክሎት ረጅም ጊዜ ደጋን ብቻ ሲያስጎትተው ከረመ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸው ያለቀው ፈረንጆች በጥንት ዘመን የደረሱትን ሙዚቃ ሲጫወቱ ነው፤ አንዳንዴ በትልቅ አዳራሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሆቴል፣ በእራት ግብዣ ላይ።

«ሰው ሲያኝክ ነው ስጫወት የኖርኩት» አሉኝ።

«ጭብጨባው ታዲያ ለእርስዎ ነበር ለምግቡ?»

«ለምግቡ ይመስለኛል» አሉና ሳቁ።

እህታቸው ታመው ሊጠይቋቸው መጥተው መንገድ ተዘጋባቸው። መጋዘኑ ውስጥ ቀኝ ክንዳቸውን እንደ ቫዮሊን ዘርግተው በግራ ጣቶቻቸው ሲጫኑት ይውላሉ። ምን እየሠሩ ነው ስላቸው «ሥራ ገብቻለሁ» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ጠሯቸው። እኔን ውሃ ሊያስቀዱኝ አስወጥተውኝ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። የታጣቂዎቹ ኃላፊ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ሰውዬውን ሲይዙ የቀሟቸው የቫዮሊን ሳጥን ፊቱ ተከፍቷል።

«ያንተ ከሆነ ምታው» አላቸው። በዕድሜ የልጃቸው ልጅ ይሆናል።

ክሮቹን ማስተካከል ያዙ። ቆዩ። «ሲጀምር ቀስቅሱኝ» አለ አንዱ ጠባቂ። ከዚያ መቱት። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው የመሰለኝ። እየቆየ ዝግ ያለ ነገር መጣ፤ ጠባቂዎቹ ወሬ አቆሙ። የጠቆረው ቆዳ ቫዮሊኑ ላይ ልክ ገጥሞ መግባቱን ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ።

«እሺ፣ ሂድ። ዕቃው ለምርመራ ይቀራል።»

ምርመራው ምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ሰውዬው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ይቅር። ግን በሱ ምትክ ይሁን። ይሄን ልጅ ልቀቅልኝ።»

«ዘመድህ ነው?»

«ጆንያ ተካፍለናል።»

ኃላፊው ሳቀ። «እኔ የምወስደውን ነው የምትሰጠኝ?»

«መውሰድማ ትችላለህ ልጄ። ሰዎችህ እያዩ ስለሆነ ብሰጥህ ይሻልሃል።»

«ጋሼ፣ ይተዉት! እኔ አልጠየቅሁም!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውንም ከእኔ ጋር የሚያስቀሯቸው መስሎኝ ነው።

«አንተ ውሃህን ቅዳ» አሉኝ።

ኃላፊው ሰዎቹን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በእጁ ዝንብ እንደሚያባርር አድርጎ «ሁለታችሁም ከፊቴ ጥፉ» አለ።

አንዱ ጠባቂ ቫዮሊኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። «ቆይ» አሉት። የተወጠረውን የደጋኑን ፀጉር ፈታ አደረጉ። ክሮቹ ላይ ያለውን የሙጫ ዱቄት በሸሚዛቸው ጫፍ አንድ በአንድ ጠረጉ። ሳጥኑ ውስጥ አስተኝተው ቆለፉና በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ይሰነጠቃል። ደጋኑንም ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ፈታ አድርጉት።»

ጎረምሳው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «እሺ አባቴ» አለ።

ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ነው። ሰላም ሲወርድ ስለ ቫዮሊኑ ማመልከቻ በገዛ እጄ ጽፌ ወልድያ ገባሁ። ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትቱኝ ከረሙና ባለንብረቱ ተዘረፍኩ ብሎ ይፈርም አሉኝ። አዲስ አበባ ደወልኩላቸው። በተማሪያቸው ቫዮሊን ነው የሚያስተምሩት።

«አመልክት ያለህ ማነው?» አሉኝ።

«ተዘርፈዋል እኮ ጋሼ!»

«አልተዘረፍኩም። ሰጥቼ ነው የወጣሁት።»

«በግድ ነዋ!»

«እነሱ በግድ ሊወስዱት ነበር። አንተ እንድትለቀቅ የጠየቅሁት ግን ወድጄ ነው። አሁን ተዘረፍኩ ብዬ ብፈርም አንተ ምን ልትሆን ነው?»

ዛሬም መርጫዬን ተሸክሜ ማሽላ መሀል ስገባ ይሄን ጥያቄያቸውን አስበዋለሁ። ያሰሩኝን ይቅር አላልኩም፤ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም። እሳቸው ስለ እኔ የሰጡት ግን ሌላ ነው፤ ዝርፊያ ልለው አልችልም። ወልድያ ተመልሼ ማመልከቻዬን መልሼ ወሰድኩ። ከመውሊድ በኋላ በዋለው የመጀመሪያ ሐሙስ ነው።