የሙሉጌጥ ራጅ

ዱጋሳን የወሰን ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ ገብስና ባቄላ የሚያበቅል ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ላይ ፎቅ በቀለበትና ዘበኛ ሆነ። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል። በአማርኛ ይቆጣል፣ በኦሮምኛ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላመሰግነው ፈልጌ አይደለም። የኋላውን ስትሰሙ እንደ አውሬ እንዳታዩት ብዬ ነው።

ሚስቱ ሙሉጌጥ በሳንባ በሽታ ሞተች። ከእሷ የቀሩለት ልጃቸው ዳርቱና በካኪ ፖስታ ውስጥ ያሉ ሦስት የራጅ ፊልሞች ናቸው። በእኛ አገር ራጅ አይጣልም፤ በሽተኛው ሞቶ እንኳ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ ፀሐይ ትጋረዳለች ተባለ። እሑድ ጠዋት ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጅ ወጥቶ በአንዲት ቁራጭ ጥቁር መስታወት ሲሻማ፣ ዱጋሳ ፖስታውን አውርዶ አንዱን ራጅ ለዳርቱ ሰጣት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «በዚህ እዪ፣ ዓይንሽን አይነካሽም» አላት። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር፤ እሱ ከየት ያውቃል! ሌሎቹ ልጆች ተራ እየጠበቁ ለአፍታ ለአፍታ አዩ። የእሷ ግን የግሏ ነበረና ፀሐይዋ ማጭድ እስክትመስል፣ ከዚያም ተመልሳ እስክትሞላ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ኩራቷን ብታዩት!

ማታ እራት ላይ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ፊትህ ላይ ጥቁር ነገር አለ» አለችው። ዱጋሳ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

ጥቁሩ ነገር ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም። ዳር ዳሩን ታያለች፣ መሃሉን አታይም። የሰው ትከሻ ይታያታል፣ አፍና አፍንጫው ግን የለም። ጤና ጣቢያ ወስዷት ጠብታ ተሰጣት። አንዱ ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ፣ ሌላው «ምች ነው» አለ። ዱጋሳም በየቅዳሜው ማለዳ እየቀሰቀሰ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወስዳት ጀመር። የእንጦጦን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «እመቤቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?» እያለች ታለቅሳለች። እስከዚህ ድረስ አልፈርድበትም። ማንም አባት ያደርገዋል።

የምፈርድበት ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በአዳራሹ ግቢ ውስጥ ዓመታዊ የሳይንስ ፌስቲቫል ተጀመረ። ድንኳኑ ተደረደረ፤ የሚራመድ ሮቦት አለ፣ በሎሚ የሚበራ አምፖል አለ፣ ፀሐይ በቴሌስኮፕ የሚታይበት ድንኳንም አለ። ዱጋሳ በምሳ ሰዓት ዞር ዞር ሲል እዚያ ደረሰ። ናኦል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ የራጅ ፊልም ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በግርዶሹ ቀን በዚህ ያዩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ያስረዳ ነበር። ዱጋሳ የሰማውን ሰማና ምሳውን ሳይበላ ወደ በሩ ተመለሰ።

ታዲያ ምን አደረገ? ምንም! ሆድ ይፍጀው አለ። «ብነግራት ዓይኗ አይመለስ። እናት የላትም፣ እኔንም ጠልታ ማን ሊቀራት ነው?» እያለ ራሱን አባበለ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይነቅዛል እንጂ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምክንያቱን እያወቀ ይቀሰቅሳት ነበር፤ ጠበሉን ቢያስቆማት «ለምን?» ትለዋለችና። ፌስቲቫሉ ደርሶ «ውሰደኝ» ብላ ስትለምነው ደግሞ፣ «ጫጫታ ነው፣ ምን ያደርግልሻል» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነው።

በ2017 ግን አልለመነችውም። ትምህርት ቤቷ ስምንተኛ ክፍሎችን በሙሉ ይዞ መጣ። ዱጋሳ ቦርሳ እየፈተሸ ቀና ቢል፣ ልጁ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ ሰልፉ ላይ ቆማለች።

«ቲቸር፣ እሷ ትቅር» አላት መምህርቷን ሠናይትን። «ፀሐዩ ዓይኗን ያማታል።»

«አባዬ፣ በናትህ! ሰው ፊት አታዋርደኝ» አለች ዳርቱ።

ሠናይት ሳቀች። «ጋሽ ዱጋሳ፣ ሰሌዳው ሳይታያት በጆሮዋ ብቻ ተምራ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣች ልጅ እኮ ናት! ይህን ከልክለዋት ምን ሊያደርጓት ነው?»

አሳለፋቸው። ግን አላስችል አለው፤ ሠናይትን ጠጋ ብሎ፣ «እባክዎ፣ የፀሐዩ ድንኳን ጋ ብቻ አያድርሷት» ብሎ አንሾካሾከላት። አይ ሞኝ! በጆሮዋ የምትማር ልጅ ናት ተብሎ አሁን ተነግሮት የለ? ዳርቱ ሰማች። ሮቦቱንም አምፖሉንም ትታ ጓደኛዋን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ፀሐዩ ድንኳን አመራች፤ ሠናይትም ከኋላ ተከተለቻቸው።

ዱጋሳ ይህን ከሩቅ አየ። በሩን ለባልደረባው ለኢዶሳ ጥሎ እያለከለከ ሲደርስ ናኦል ፊልሙን አንስቷል።

«እሺ ጋይስ፣ ይቺን የማያውቅ አለ? ራጅ! በ2012 ግርዶሽ ጊዜ ስንቱ በዚህ አየ። ራጅ ብርሃኑን ያደበዝዘዋል እንጂ የማይታየውን ጨረር በሙሉ አያስቀረውም። ዓይኑን ስለማያመው ሰው ደፍሮ ያፈጣል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሬቲናው፣ የዓይኑ የውስጥ ሽፋን፣ ይቃጠላል። ከዚያ የሰው ፊት ስታዩ መሃሉ ጥቁር ይሆንባችኋል።»

ዳርቱ እጇን አወጣች። «ይድናል?»

«አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ዓመት ካለፈው ግን . . . ይከብዳል።»

«ፊልሙን የሰጠው ሰው ያውቅ ነበር?»

«አይ፣ ያኔ ብዙ ሰው አያውቅም። ለዚህ እኮ ነው በየዓመቱ እዚሁ ቆመን የምንናገረው። ዘንድሮ አራተኛችን ነው።»

ዳርቱ ወደ ናኦል ጠጋ አለች። «አባቴ የዚህ ግቢ ዘበኛ ነው» አለች።

«የጋሽ ዱጋሳ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለ ናኦል ፊቱ በርቶ። ምን ያውቃል ምስኪን! «እሳቸውማ ደንበኛችን ናቸው። በየዓመቱ እየመጡ ‹እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም?› ይሉኛል።»

ዱጋሳ ከኋላዋ ቆሟል። ማለክለኩን ሰምታ ዞረች።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«የሰጠኸኝ ቀን አታውቅም ነበር።»

«አላውቅም ነበር! በእናትሽ አፅም አላውቅም ነበር!»

«አምንሃለሁ። አገሩ ሁሉ አያውቅም ነበር። በዚያ አልቀየምህም።» አንድ እርምጃ ጠጋችው። «ባለፈው ቅዳሜስ?»

ዱጋሳ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ባለፈው ቅዳሜ ምን በድዬሽ ነው ብዬ ስጮኽ አጠገቤ ነበርክ፣ አባዬ። ፎጣዬን ይዘህ ቆመህ ነበር።»

ዱጋሳ እንባው እየወረደ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሰደደ። ዳርቱ ግን በጓደኛዋ በኩል ዞር ብላ መምህርቷን ተጣራች።

«ቲቸር፣ ቤት ያድርሱኝ» አለች። «አባቴ ሥራ ላይ ነው።»