ከላይ ሲታይ አረንጓዴ

የሳሊሀ ሥራ ሳተላይት ያነሳውን ምስል ማንበብ ነው። በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ በጅማ ዙሪያ ያሉትን ወንዞች ዳርቻ ትፈትሻለች። ዳርቻው በዛፍ ከተሸፈነ ወንዙ ጤነኛ ነው ተብሎ አረንጓዴ ይቀባል፤ ከተራቆተ ቀይ። ቀዩ ጋ ባለሙያ ተልኮ ውሃው ይመረመራል። አረንጓዴው ጋ ማንም አይሄድም። ካለው ሰውና መኪና አንጻር ሌላ ምን ያድርጉ?

ታዲያ ጅማ አጠገብ፣ ሰቃ ውስጥ፣ በአባቷ በአባ ራያ ቡና ማሳ ሥር የሚያልፈው ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሳሊሀ ክው አለች። ከበላዩ የቡና ማጠቢያ ከተከፈተ ወዲህ፣ ቡና በደረሰ ቁጥር ውሃው ጠቁሮ ይሸታል። ላሞቹ አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ። ግን አገሩ የቡና አገር ነው፤ ቡና ደግሞ ጥላ ይወዳል፤ አባ ራያም ዋንዛውንና ሰሳውን እስከ ወንዙ ዳር አሳድገዋል። ሳተላይቱ ቅጠሉን አየ። ከቅጠሉ ሥር ያለውን ማን ይየው?

አለቃዋን ፍሬዘርን ለመነችው።

«ይቺን ወንዝ ቀይ እናድርጋት። ሽታዋን እኔ አውቀዋለሁ።»

«ሽታ ምስል ላይ አይወጣም እኮ፣ ሳሊሀ። ላንቺ አባት ብዬ በእጄ ከቀየርኩ፣ ነገ ሁሉም የሰፈሩን ይዞ ይመጣል።»

ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ እውነቱን ነው። ደግማ ለመነችው፣ ሠለሰች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ካርታው እንዳለ ጸደቀ።

ቅዳሜ ሰቃ ወርዳ ካርታውን በስልኳ ለአባቷ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የኛ የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው፣ አባ።»

«ማሻአላህ! አረንጓዴ ነዋ!» ፊታቸው በራ። ዛፎቹን በእጃቸው የተከሉ እሳቸው ናቸው። «ታዲያ ባለሙያዎቹ ውሃውን ሊያዩ መቼ ይመጣሉ?»

ሳሊሀ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ራያ ስልኩን መለሱላትና ወደ ወንዙ ወረዱ። ተከተለቻቸው። ሽታው ገና ከሩቅ ተቀበላቸው።

«የጋረደን ዛፉ ነው በይኛ» አሉ፣ የትልቁን ዋንዛ ግንድ በመዳፋቸው እየዳበሱ። ወደ እሷ ዞር አሉ።

«ብቆርጠው ያዩናል?»

መልሱ አዎ ነበር። ሳሊሀ እሷም መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች።